የውሃው ውጤት የት ተለጠፈ?



በ1992 ዓ.ም. ውሃን የሚነኩ ሁለት አዋጆች በአንድ ሰሞን በነጋሪት ጋዜጣ ወጡ። አንደኛው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ነው። ውሃው የማን እንደሆነ፣ ማን ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት፣ ሲያንስም ማን እንደሚቀድም የሚወስን ሕግ ነው። ሁለተኛው የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ሲሆን፣ ጥራቱ በጤና ባለሥልጣን ሳይረጋገጥ ከምንጭም ሆነ ከጉድጓድ ወይም በቧንቧ ለሕዝብ ውሃ ማቅረብ ክልክል ነው ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡ የጤና ሕጎች ቦታ ቢያቀያይሩትም ሐሳቡ ያው ነው፤ ያልተመረመረ ውሃ አታጠጣ። የውሃውን ሕግ የውሃ መሥሪያ ቤት ያስፈጽማል፣ የጤናውን የጤና መሥሪያ ቤት። ዛሬ የምናገረው በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል ስለቀረ አንድ ሰው ነው፤ ስለሚጠጣው ሰው።

ይህ ሰው እዚህ ምዕራብ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ቦኖ ላይ ተሰልፎ ይሆናል። ቡሬ ግቢው ውስጥ ቆጣሪ አስገብቶ ይሆናል፤ ጃቢ ጠህናን ገጠር ውስጥ ደግሞ የእጅ ፓምፕ ይገፋ ይሆናል። ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ብትጠይቋቸው አንድ ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። «ይህ ውሃ መቼ ተመረመረ? ውጤቱስ ምን ነበር?» በሏቸው። አያውቁም። ምርመራ ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱም በአንዱ ቢሮ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ለጠጪው ግን አልተነገረውም። ከሱቅ ሃይላንድ ሲገዛ ኮዳው ላይ የአምራቹን ስም፣ የተመረተበትን ቀንና የደረጃ ምልክቱን አንብቦ ነው የሚከፍለው። ሀብታሙ ለሚገዛው ውሃ ወረቀት አለው፣ ድሃው ለሚቀዳው የለውም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ሕጉ ለጠጪው ምን ያህል ቃል እንደገባ እንይ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ፖሊሲዎች ለኢትዮጵያውያን ሁሉ ንጹሕ ውሃ ለማዳረስ ያለሙ ይሁኑ ይላል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ነገር ትሸከማለች። ሐምሌ 21 ቀን 2002 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ ውሃና ሳኒቴሽን ሰብአዊ መብት መሆኑን ሲያውጅ 122 አገሮች ደገፉ፤ የተቃወመ አልነበረም፤ 41 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት አንዷ ነበረች። አሜሪካም፣ እንግሊዝም፣ ኬንያም አብረዋት ነበሩ። ይህን የማነሣው መንግሥትን ለመክሰስ አይደለም፤ ቃል ገብቶ ካለመፈጸም አለመግባቱ ይሻላል የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን በሕግ ቋንቋ ንጹሕ ውሃ እኛ ዘንድ ዜጋው ፍርድ ቤት ይዞት የሚሄደው መብት ከመሆን ይልቅ መንግሥት የሚደክምለት ግብ ሆኖ እንደቆየ ያሳያል።

ግቡ በቁጥር ተቀምጧል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ተባለ። ከዚያ በፊት 15 ሊትርና 1.5 ኪሎ ሜትር ነበር። ከተሞች በሕዝብ ብዛታቸው አምስት ደረጃ ወጣላቸው፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ላለው 100 ሊትር፣ ከዚያ እየወረደ ከ20 ሺህ በታች ለሆነው 40 ሊትር። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በ1999ኙ ቆጠራ ሁለቱም ከ20 ሺህ አልፈው ከ50 ሺህ በታች ነበሩ። ስለዚህ በዚያ ቆጠራ ብንሄድ ደረጃቸው አራተኛ ነው፣ 50 ሊትር ለአንድ ሰው በቀን። ሁለት ጄሪካን ተኩል መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚደርሳችሁ ሰዎች ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት፤ እኔ አልጨምርበትም።

ሊትሩና ኪሎ ሜትሩ በቀላሉ ይቆጠራል። ጥራቱ ግን በዓይን አይታይም፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

የጎጃም ገጠር ስለ ውሃ ሕግ አልነበረውም ብሎ የሚነሣ ሰው ካለ ተሳስቷል። ምንጭ ሥርዓት አለው። ከዓይኑ ሰው ይቀዳል፣ ከብቱ ዝቅ ብሎ ይጠጣል፣ ልብስ ከዚያም በታች ይታጠባል። ይህን ያፈረሰ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ለመስኖ ደግሞ የውሃ አባት ተመርጦ ተራ ያወጣል፣ ይዳኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ መንፈስ አልራቀም፤ ባለ መሬቱ የሚያልፍበትን ውሃ ለመስኖ ሲጠቀም ከታች ያለውን ሰው የመጠጥና የቤት ውሃ እንዳያሳጣው ይከለክላል። አዋጅ 197ም ቢሆን ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት ይቀድማል ብሎ ደንግጓል። የምንጩ ሕግ የጸናው ሁሉም ስለሚያየው ነው። ደፍራሹን ሁሉም ያያል፣ ከብቱን ከላይ የነዳውንም ሁሉም ያውቃል። የምንጩ ሕግ ደካማ ጎንም ከዚሁ ይመጣል። ጥርት ብሎ የሚፈስ ውሃ ውስጥ ያለውን ሽማግሌው አያየውም።

ባለሙያው የሚፈልገው ኢ ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ከሰውና ከእንስሳ አንጀት የሚወጣ ስለሆነ ውሃው ውስጥ ከተገኘ ሰገራ ገብቶበታል ማለት ነው። ሰገራ ባለበት ደግሞ ታይፎይዱም፣ ጃርዲያውም፣ ኮሌራውም መንገድ አላቸው። አሠራሩ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ በደቃቅ ማጣሪያ ይጣራል። ማጣሪያው ባክቴሪያ የሚመገበው ነገር ላይ ይቀመጥና 44 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ያድራል። በማግስቱ የበቀሉት ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ። የኢትዮጵያ አስገዳጅ የመጠጥ ውሃ ደረጃ የሚፈቅደው ቁጥር ዜሮ ነው። ለፍሎራይድ 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ለናይትሬት 50 ሚሊ ግራም በሊትር ይፈቅዳል። ናይትሬቱ በርበሬና በቆሎ ለሚያመርት፣ ማዳበሪያም ለሚበትን እንደ ቡሬ ዙሪያ ላለ አካባቢ ቸል የሚባል አይደለም። ለኢ ኮላይ ግን ምሕረት የለም።

በ2008 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ባካሄደው የቤተሰብ ጥናት ላይ የውሃ ምርመራ ተጨመረ። ባለሙያዎቹ ከምንጩም ከቤቱም እየቀዱ መረመሩ። ሕዝባችን ከተሻሻለ ምንጭ መጠቀሙ በብዙ ጨምሮ ተገኘ፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ቤቱ ድረስ የደረሰ፣ ሲፈልገው የሚያገኘው፣ ከሰገራም የጸዳ ውሃ ያለውን ስንፈልግ ከአምስት ኢትዮጵያውያን አንዱ አልሞላም። ደግሞም ቤት ውስጥ ያለው ውሃ ከተቀዳበት ቦታ ይልቅ ቆሽሾ ተገኘ። ጄሪካኑ፣ ጣሳው፣ የልጁ እጅ በመካከል ገብቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ሲያስተምሩት የኖሩት ይህንኑ ነው፤ የውሃ ማከሚያዋ ውሃ አጋርም በክዳኗ እየተለካች ጄሪካን ውስጥ የገባችው ለዚሁ ነው። ይህ ሲባል አንዳንድ ኃላፊዎች ደስ ይላቸዋል። «እንግዲያው ጥፋቱ የእናቶች ነው» ለማለት ይመቻል። አይደለም። በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ቀሪ ክሎሪን ይዞ ከመጣ ጄሪካን ውስጥም እየጠበቀው ይቆያል። በሊትር ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብትሆን ነው፤ ጣዕሟ ትንሽ ይታወቃል። አንዳንዱ ሰው «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ብሎ ያማርራል። ያን ሽታ የሚሰማ ሰው ሊደሰት ይገባዋል ባይ ነኝ።

ወደ ፈረቃው ልመለስ፤ ፈረቃ ከውሃ ማነስም በላይ የጥራት ጉዳይ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መስመሩ ውስጥ ውሃ በግፊት ሲሞላ ቀዳዳ ቢኖር ወደ ውጭ ያፈስሳል። ውሃው ሲቋረጥ ግፊቱ ይወርዳል፤ ባዶው ቧንቧ በዚያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ይስባል። በዙሪያው ያለው የዝናብ ጎርፍ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት ሽንት ቤትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ ሠፈር ሲደርስ ላይሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ መንገድ ሲዘጋ ነዳጅና ክሎሪን አይደርስም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን በግጭት ውስጥ ሲቆይ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ለእናንተ አልነግራችሁም። እንግዲህ ምርመራው ከጉድጓዱ አፍ ብቻ ሳይሆን ከቦኖው፣ ከመስመሩ ጫፍ፣ ውሃ በተለቀቀ በመጀመሪያው ሰዓት መወሰድ አለበት። ቀሪ ክሎሪን ለመለካት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ትንሽ ብልቃጥና ቀለም የምታወጣ ክኒን ይበቃል፤ የቦኖ ጠባቂዋም ልትለካው ትችላለች።

ሌሎች ከዚህ ችግር እንዴት ወጡ? በለንደን በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የውሃ ኩባንያዎች የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት ከቴምዝ ወንዝ ቀድተው ይሸጡ ነበር። በ1852 ፓርላማው ከ1855 በኋላ ከቴዲንግተን በታች መቅዳትን የሚከለክል፣ ለቤት የሚሆነው ውሃም እንዲጣራ የሚያዝ ሕግ አወጣ። አንዱ ኩባንያ፣ ላምቤዝ፣ ጊዜው ሳይደርስ መቅጃውን ወደ ላይ አወጣ። ሌላው ባለበት ቀረ። የሁለቱ ቧንቧ በአንድ መንደር ጎን ለጎን ያልፍ ነበር። በ1854 ኮሌራ ሲገባ ሐኪሙ ጆን ስኖው ቤት ለቤት እየዞረ የማን ውሃ እንደሚጠጡ ጠየቀ። ከአሥር ሺህ ቤት በላምቤዝ ደንበኞች ዘንድ የሞቱት 37 ሲሆኑ፣ በሌላኛው ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ 315 ነበሩ። ባክቴሪያው ገና በሐኪሞች ዘንድ አልታወቀም። ሰዎቹም የማንን ውሃ እንደሚጠጡ ብዙዎቹ አያውቁም ነበር፤ ክፍያውን የሚፈጽመው አከራዩ ነበርና።

በአሜሪካ ደግሞ የጀርሲ ከተማ ውሃ የሚያቀርብላትን ኩባንያ ከሰሰች፤ ውሉ ንጹሕና ጤናማ ውሃ ይላል፣ የምታመጣው ግን እንዲያ አይደለም ብላ። የኩባንያው አማካሪ ሐኪም ጆን ሊል በፈረንጆቹ 1908 ውሃው ላይ ክሎሪን ጨመረ፤ ፍርድ ቤትም ተቀበለው። ከዚያ በኋላ በየከተማው ተዛመተ። ዛሬ በዓለም ቧንቧ ውስጥ ያለው ክሎሪን በከፊል የአንድ የውል ክርክር ልጅ ነው። የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ደኅንነት ሕግ በፈረንጆቹ 1974 ወጣ፤ በ1996 ሲሻሻል ውሃ አቅራቢው በየዓመቱ የምርመራውን ውጤት ለደንበኛው እንዲያሳውቅ ግዴታ ተጣለበት። ከሁሉም የምወደው አንቀጽ ይህ ነው። ቤተ ሙከራ አልሠራም፣ ፓምፕም አልተከለም። ወረቀቱን ከፋይል አውጥቶ ለባለቤቱ ሰጠ እንጂ።

እኛም ዘንድ የከተማ ውሃ አገልግሎት ቦርድ አለው፤ ከተማው ምክር ቤት አለው። የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ምክር ቤት ለውሃ ታሪፍ ሲነጋገር አንዲት ነገር እንዲጨምር እጠይቃለሁ፤ በየወሩ የተደረገው የምርመራ ውጤት፣ ያልተደረገውም «አልተደረገም» ተብሎ፣ በየቦኖው፣ በጤና ጣቢያውና በሒሳብ መክፈያው መስኮት ይለጠፍ። ቀኑ፣ የተቀዳበት ቦታ፣ ኢ ኮላይ ስንት፣ ቀሪ ክሎሪን ስንት። ሌላ ጌጥ አያሻውም። «ሕዝቡ ይደናገጣል» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ውጤቱ መጥፎ የሆነ ቀን ሕዝቡ ውሃውን አፍልቶ ቢጠጣ ይህ መደናገጥ አይደለም፤ እንዲያውም የምንፈልገው እሱን ነው።

መርማሪውና አቅራቢው አንድ መሥሪያ ቤት ከሆነ መለጠፉም ብቻውን አይበቃም። ራሱን የሚፈትን ተማሪ ብዙ ጊዜ አይወድቅም። አዋጅ 200 ማረጋገጡን ለጤና ባለሥልጣን ሰጥቶ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጤና ጽሕፈት ቤቱ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ቀድቶ የሚመረምርበት በጀት ካልተያዘለት ግን ሥልጣኑ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ቡሬን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከተማዋ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ባለቤት ሆናለች፤ ለአካባቢው ገበሬም ለወጣቱም ተስፋ ነው። ኢንዱስትሪ ውሃ ይጠጣል፣ ፍሳሽም ያወጣል። አዋጅ 197 የቤት ውሃ ይቅደም ይላል፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በካዩን ይጠይቃል። የፈጣምን ወንዝ ተከትሎ ከታች ለሚኖረው ገበሬ እነዚህ ሕጎች ትርጉም የሚኖራቸው ወንዙ ዛሬ፣ ንጹሕ በሆነበት ቦታና ጊዜ፣ ተለክቶ ከተመዘገበ ነው። መነሻው ያልተለካ ወንዝ ተበከለ ቢባል ማን ያስረዳል?

በገጠሩ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አማራ ክልል በዚህ ረገድ ለአገር የሚያስተምረው አለው። በፊንላንድ ድጋፍ ይካሄድ በነበረው የገጠር ውሃ ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ አዲስ አሠራር ተጀመረ። የግንባታው ገንዘብ በቢሮ እጅ ሳይሆን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይተላለፍ ጀመር። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው። ሴቶች የኮሚቴው ግማሽ እንዲሆኑ ተደረገ። ይህ አሠራር በኋላ ኮዋሽ በሚባለው ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ። ራሳቸው ገዝተው የሠሩትን ፓምፕ ሰዎች ይንከባከቡታል፤ አጥር ያጥሩለታል፣ ወርኃዊ መዋጮ ያዋጣሉ። የኮሚቴው መዝገብ ግን ገንዘቡን ይመዘግባል፣ የጥራት ገጽ የለውም። አንድ ገጽ ይጨመርለት።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የቀረ ደግሞ አለ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ገበሬው በጓሮው በእጁ ይቆፍራል። አዋጅ 197 በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ትክክል ነው፤ ገበሬው ጓሮውን ለመቆፈር ቢሮ ለቢሮ ሊንከራተት አይገባም። ነገር ግን ፈቃድ የሌለው ነገር መዝገብም የለውም፣ መዝገብ የሌለውን መርማሪ አይጎበኘውም። የቤተሰብ ጉድጓድ የማንም አይደለም። ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከእሱም ከፍ ብሎ ይቆፈር፣ አፉ በሲሚንቶ ይዙር፣ ክዳን ይኑረው፣ ባልዲ እየተነከረ ከሚወጣበት ይልቅ የገመድ ፓምፕ ይግባለት። ይህን ማስተማር ከሕግ በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። እዚህ ላይ አዋጅ አልፈልግም።

ስለ ጸበልም ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ያለበት ዞን ውስጥ ቆመን ዝም ብንል አይሆንም። በ2015 ክረምት ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል በተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ኮሌራ ገብቶ ነበር። በሽታው የገባው በጸበሉ ቅድስና ጉድለት አይደለም፤ ብዙ ሺህ ሰው ባንድ ቦታ ሲያድር ሽንት ቤትና የመጠጥ ውሃ ስላልበቃው ነው። ቤተ ክርስቲያንና ጤና ቢሮ አብረው ቢሠሩ ማንም የማይጣላበት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ቤት ስትመለሱ የምትሠሩት ነገር ልስጣችሁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ በ2013 በሌላ ሕግ ሲተካ የመረጃ ነጻነት ክፍሉ ጸንቶ ቀርቷል። ለምን ፈለግኸው ተብላችሁ ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም። እንዲህ ብላችሁ ለከተማችሁ የውሃ አገልግሎት ጻፉ፤ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ከእኔ ሠፈር መስመር የተወሰደ የውሃ ናሙና መቼ መቼ ተመረመረ፣ ማን መረመረው፣ ውጤቱስ ስንት ነው። ቅጂውን ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ስጡ፤ መቀበላቸውን አስፈርሙ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ሊመልስ ይገባል። ካልመለሰ ለኃላፊው ቅሬታ ይቀርባል። እሱም ከዘጋው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ነው። ብቻችሁን ከምትጽፉ በእድራችሁ ስም ብትጽፉ ይሻላል፤ እድር ማኅተም አለው፣ ጸሐፊም አለው፣ ደብዳቤውም በቀላሉ አይጠፋም።